ባህል አስተምሩልን ስንል ዋጋውን ማን ይክፈል?

አምና ኅዳር 29 ቀን ጠዋት ጋምቤላ ከተማ በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ቆሜያለሁ። ሞንታርቦው ከ2 ሰዓት ጀምሮ ይጮኻል። የባህል ክበብ ልጆች ማንጎ ዛፍ ሥር ተሠልፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ። የሴቶቹ አንገት ላይ ከገበያ የተገዛ የፕላስቲክ ዶቃ፣ የወንዶቹ እጅ ላይ ከካርቶን የተቆረጠ ጋሻ አለ። ከመካከላቸው አንዲት የ6ኛ ክፍል ተማሪ አንገቷ ላይ ያለውን ሰማያዊ ዶቃ እየነካካች፣ «ቲቸር፣ ይሄን የምናደርገው ለምንድን ነው?» አለችኝ።

«ለጌጥ ነዋ!» አልኳት ሳላስብ።

«ለጌጥ ከሆነ ሌላ ቀን ለምን አናደርገውም?»

መልስ አልነበረኝም። ደግነቱ ስማቸው ተጠራና ወደ መድረኩ ሮጡ። አራት ደቂቃ ያህል ጨፈሩ፣ ተጨበጨበላቸው፣ ዶቃው ተሰብስቦ ዕቃ ቤት ገባ። እስከሚቀጥለው ኅዳር 29 ድረስ።

ለዚያች ልጅ መልስ ስፈልግ ከረምኩ። መልሱን አገኘሁት፤ ስፈልገው ግን ሌላ ጥያቄ ላይ ወደቅኩ። ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፣ ነገር ግን ጮክ ብሎ የሚጠይቀው ሰው አላጋጠመኝም። ለልጆቻችን ባህል አስተምሩልን ብለን ሽማግሌዎችን ስንጠራ፣ የዚያን ቀን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው?

በቅድሚያ ማን እንደሆንኩ ልናገር። ቤተሰቦቼ የወሎ ሰዎች ናቸው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ደርግ በሰፈራ ፕሮግራም ወደ ጋምቤላ ካመጣቸው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መካከል ሴት አያቴ፣ ወንድ አያቴና ገና ሕፃን የነበረው አባቴ ነበሩበት። እኔ የተወለድኩት እዚሁ ነው። ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ኦኬሎ ከሚባል የአኝዋ ልጅና ቦል ከሚባል የኑዌር ልጅ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጬ ተምሬያለሁ። ባሮ ዳር ኳስ ተጫውተናል፣ ቤታቸው ገብቼ በልቻለሁ። ሆኖም ኦኬሎ ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ ቦል ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። እነሱም የእኔን አልጠየቁኝም። አማርኛ አገናኝቶናል፤ እያንዳንዳችን ቤት ውስጥ ስላለው ነገር ግን ማናችንም ለማንም አላወራንም።

እንዲህ ዓይነት ልጅነት ጋምቤላ ላይ ብርቅ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ 307,096 ነበር። በዚህ ቁጥር ውስጥ አምስት ነባር ብሔረሰቦች አሉ፤ አኝዋ፣ ኑዌር፣ መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞ። ከእነሱ ጋር ደግሞ እንደ እኔ ያሉ ከደጋው የመጡ ሰዎች ልጆች። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከመጣ ወዲህ የአኝዋ፣ የኑዌርና የመዠንግር ቋንቋዎች በታችኛው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብተዋል። ይህ ቀላል ድል አይደለም። ነገር ግን ቋንቋው ክፍል ገባ ማለት በቋንቋው ውስጥ ያለው ዕውቀት አብሮ ገባ ማለት እንዳልሆነ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጁ በራሱ ቋንቋ ፊደል ይቆጥራል፣ ከዚያ የሚያነበው ምዕራፍ ስለማያውቀው ቦታ ይሆናል።

በኢኮኖሚክስ ተመርቄ ቤት ስገባ እንደ ብዙ እኩዮቼ ሥራ ቁጭ ብሎ አልጠበቀኝም። ብሎግ እየጻፍኩ፣ አንዳንዴ ለሰው ቢዝነስ ፕላን እየሠራሁ ስኖር አስተማሪ የሆነ ጓደኛዬ፣ «ከምትቀመጥ መጥተህ ልጆቹን ሒሳብ አግዛቸው» አለኝ። በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ገባሁ። ከዚያ የዶቃዋ ጥያቄ መጣች። ጥያቄዋ ስለከነከነችኝ ትምህርት ቤቱን ሐሙስ ከሰዓት ያለችውን የክበብ ሰዓት ስጡኝ ብዬ ለመንኩ። ሰጡኝ። እኔ እንዳላስተምር የማውቀው ነገር የለም፤ ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ወጣሁ።

መጀመሪያ ያገኘኋቸው ከ70 ዓመት በላይ የሆናቸው የአኝዋ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ልጆቹም እኔም «አባባ» እንላቸዋለን። የመጀመሪያው ሐሙስ መንጠቆና የተቀደደ መረብ ይዘው መጡ። አማርኛ በመጠኑ ይናገራሉ፤ ሲከብዳቸው በአኝዋ ቋንቋ ይናገሩና ልጆቹ ይተረጉማሉ። አንዱ ሲተረጉም ሌላው «እንደዚያ አላሉም!» ብሎ ያርመዋል። ከዚያ በፊት በዚያ ክፍል ውስጥ ልጆች ለትክክለኛ ትርጉም ሲጨቃጨቁ አይቼ አላውቅም።

አባባ ያስተማሩት ስለ ዓሣ ብቻ አልነበረም። ባሮን አኝዋዎች ኦፔኖ ይሉታል። ክረምት ላይ ኦፔኖ ሞልቶ ሜዳውን ያለብሰዋል፣ ዓሣውም ከውኃው ጋር ሜዳ ላይ ይወጣል። ውኃው ሲሸሽ ዓሣው በየጉድጓዱ ይቀራል፤ ወንዙ ዳር ደግሞ እርጥብ አፈር ይተዋል። አኝዋው በዚያ አፈር ላይ ዝናብ ሳይጠብቅ በቆሎና ማሽላ ይዘራል። ይህን እየነገሯቸው ሳለ አንድ የኑዌር ልጅ እጁን አወጣ። «እኛም ያኔ ከብቶቹን ወደ ወንዝ እናወርዳለን» አለ።

«በቆሏችንን የሚበሉት!» አለ ከኋላ አንዱ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከዚያ ሳቁ በአንድ ጊዜ ቆመ።

ለምን እንደቆመ ጋምቤላ የኖረ ሰው ያውቃል። እነዚህ ልጆች ግጭት ሲነሣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ከተማው ላይ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ፣ ዴስክ የሚጋሩት ልጅ ለሳምንታት ሳይመጣ ሲቀር አይተዋል። እኔም በእነሱ ዕድሜ አይቻለሁ። አባባ ትንሽ ዝም አሉና፣ «እኔ ልጅ ሳለሁ መንደራችን መጀመሪያ ከብቱ አይመጣም ነበር። መጀመሪያ ሰው ይመጣል። ቁጭ ይላል። ያወራል። ከዚያ ከብቱ ይመጣል» አሉ።

እኔ በዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት የጋራ ሀብት አጠቃቀም ተምሬያለሁ። ምሳሌው የእንግሊዝ የግጦሽ መሬት ነበር። ሁለት ሕዝብ፣ አንድ የወንዝ ዳር፣ ሁለት የተለያየ የዓመት አቆጣጠር፤ አንዱ በጋ ላይ ለመዝራት ወደ ወንዝ ይጠጋል፣ ሌላው በዚያው በጋ ከብቱን ለማጠጣት ወደ ወንዝ ይወርዳል። ይህን ከተወለድኩበት ከተማ አምስት ደቂቃ በእግር ተጉዤ ማየት እችል ነበር። ያየሁት ግን በ25 ዓመቴ፣ በአንድ ዓሣ አጥማጅ አፍ ነው። የ6ኛ ክፍል ልጆች ከእኔ አሥራ ምናምን ዓመት ቀድመው አዩት። ጎረቤትህ ወደ ወንዝ የሚመጣው መቼና ለምን እንደሆነ ማወቅ የባህል ትርኢት አይደለም፤ የሰላም ዕውቀት ነው።

በሦስተኛው ሐሙስ የስም ነገር ተነሣ። አባባ ኦኬሎ የሚባለውን ልጅ ጠሩና፣ «መንታ ታላቆች አሉህ አይደል?» አሉት። ልጁ ደነገጠ፤ አሉት። ኦኬሎ በአኝዋ መንታዎችን ተከትሎ ለሚወለድ ልጅ የሚወጣ ስም ነው። ያኔ ቦል የሚባል ሌላ ልጅ ከተቀመጠበት ተነሣ፤ «የእኔም እኮ እሱ ነው!» አለ። እውነቱን ነው፤ ኑዌሮችም ከመንታ በኋላ የሚወለደውን ልጅ ቦል ይሉታል። ሁለቱ ልጆች እየተያዩ መሳቅ ጀመሩ። እኔ ደግሞ የራሴን ኦኬሎና የራሴን ቦል አስታወስኩ። አሥር ዓመት አንድ ዴስክ ላይ ሲቀመጡ፣ በሁለት ቋንቋ አንድ ስም እንዳላቸው ከሦስታችን ማናችንም አላወቅንም።

የዶቃዋም መልስ በዚያው ሰሞን መጣ፤ ያመጡት እማማ፣ የአባባ ባለቤት ናቸው። በአኝዋ ዘንድ ዲሙይ የሚባል ሰማያዊ የመስታወት ዶቃ አለ። ዲሙይ ለጥሎሽ ይከፈላል። አሁን የሚሠራው ስለሌለ ከትውልድ ወደ ትውልድ፣ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ለእህት የመጣው ዶቃ ወንድምየው ሲያገባ ይወጣል። ኢኮኖሚክስ ያጠና ሰው ይህን ሲሰማ ጆሮው ይቆማል፤ ብዛቱ የተወሰነ፣ ሁሉም የሚያምነው፣ ቤተሰብን ከቤተሰብ የሚያስተሳስር የክፍያ መንገድ ነው። እኛ ግን በፕላስቲክ ቀይረን፣ ለአራት ደቂቃ አንገታቸው ላይ አድርገን፣ «ለጌጥ ነው» እንላቸዋለን።

ልጆቹ የሰሙትን ሁሉ እሺ ብለው አልተቀበሉም። ይህንንም መናገር አለብኝ። አንድ ሐሙስ አንዲት የኑዌር እናት ስለ ጋብቻ ከብት ሲያስረዱ አንዲት ልጅ፣ «ከብቱ ለእኔ ነው ወይስ ለአባቴ?» ብላ ጠየቀች። ሴትዮዋ ሳቁ፤ ቀጥለው ግን በቁም ነገር መለሱላት። ከብቱ ለአባት ብቻ ሳይሆን ለአጎትም ለዘመድም እንደሚከፋፈል፣ በዚህም ምክንያት ትዳሩ ሲናጋ ዘመድ ሁሉ እንደሚያገባው አስረዷት። ልጅቷ፣ «እኔ ግን መጀመሪያ 12ኛን እጨርሳለሁ» አለች። «ጨርሺ» አሏት። ባህል ክፍል ውስጥ ሲገባ ጥያቄ ይጠየቃል። መድረክ ላይ ሲወጣ ግን ይጨበጨብለታል እንጂ ማንም አይጠይቀውም።

ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። «ቲቸር፣ ያንተስ?» አሉኝ። «የእኔ ምን?» አልኩ። «ባህል ነዋ! የናንተ የለም እንዴ?»

አፈርኩ። ሌሎች ባህላቸውን ይንገሩ ብዬ ስሯሯጥ የከረምኩ ሰው ስለ ወሎ የማውቀው ዘፈኑንና ቡናውን ነው። ማታ አያቴን ጠየቅኳት። እሷ እስከ ዛሬ ያልነገረችኝን ነገር ነገረችኝ፤ ስላልጠየቅኳት። በአገሯ ሰው ሲገዳደል አበጋር የሚባሉ አስታራቂዎች እንደሚገቡ፣ የገዳይና የሟች ወገን በደም እንዳይፈላለግ እርቅ እንደሚያወርዱ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ለእነሱ ቃል እንደሚገዛ። በሚቀጥለው ሐሙስ እጇን ይዤ ክፍል አስገባኋት። ወሬዋን ስትጨርስ እነዚያው የኑዌር እናት፣ «እኛም ጋ አለ» አሉ። በኑዌር ዘንድ የነብር ቆዳ የሚደርብ አስታራቂ አለ። ሰው የገደለ ሰው እሱ ቤት ይጠጋል፤ እዚያ ማንም አይነካውም፤ አስታራቂው የካሳውን ከብት እያስማማ በሁለቱ ቤተሰብ መካከል ይመላለሳል። አያቴ ጋምቤላ 40 ዓመት ኖራለች። በዚህ አገር እንደ አበጋር ያለ ሰው እንዳለ የሰማችው ያን ቀን ነው። ቤት ስንመለስ፣ «ይህን ሁሉ ዘመን ሰው የሌለበት አገር የመጣሁ ይመስለኝ ነበር» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ባማረበት ሰዓት አባባ መምጣት አቆሙ።

አንድ ሐሙስ ቀሩ፤ ታመው ይሆናል አልኩ። ሁለተኛውም ቀሩ። ሦስተኛው ላይ ቤታቸው ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ መረብ እየጠገኑ አገኘኋቸው። አልተቆጡም፣ አላማረሩም። «ልጄ፣ ሰባት ሐሙስ ሰጠሁ» አሉኝ። «ሐሙስ ወንዝ ካልወረድኩ ዓርብ ገበያ የምወስደው የለኝም። የልጅ ልጄ ደብተር ከዚያ ነው።»

ስመለስ መንገድ ላይ ራሴን ታዘብኩት። በኢኮኖሚክስ የመጀመሪያው ዓመት፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ኦፖርቹኒቲ ኮስት የሚባል ነገር እንማራለን። አንድ ነገር ስታደርግ የምትተወው ሌላው ነገር የዚያ ነገር እውነተኛ ዋጋ ነው ማለት ነው። ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ። አባባን ሰባት ሳምንት ከወንዝ ሳስቀር ግን አልታየኝም። እኔም በጎ ፈቃደኛ ነኝ፣ እሳቸውም በጎ ፈቃደኛ ናቸው፤ እኩል ነን ብዬ አስብ ነበር። እኩል አይደለንም። የእኔን በጎ ፈቃድ የሚከፍለው የእናቴ ማዕድ ነው፤ ማታ ስገባ ራቴ ቀርቦ ይጠብቀኛል። የእሳቸውን በጎ ፈቃድ የከፈለው የልጅ ልጃቸው ደብተር ነው። «በነፃ» የሚባል ነገር አልነበረም። ሒሳቡን ከሁላችንም በታች ያለው ቤት ሲከፍል ነበር።

ይህን ጉዳይ ለሚመለከታቸው ሰዎች አንስቻለሁ። ከአንድ ቢሮ ያገኘሁት መልስ «ሽማግሌዎች ለባህላቸው ብለው ያደርጉታል፤ ገንዘብ ከገባበት ይበላሻል» የሚል ነበር። ይህን ክርክር በቀላሉ አላልፈውም፣ ምክንያቱም ብዙ ቅን ሰዎች እንዲሁ ያስባሉ። ግን እስቲ እንመርምረው። የሒሳብ መምህሩ ደመወዝ ስለሚበላ ሒሳቡ ይበላሻል እንዴ? የእንግሊዝኛ መምህሯ ደመወዝ ስትቀበል እንግሊዝኛውን ሸጠችው እንላለን? ለጎረቤት ጉልበት ብድር መመለስ እኮ ከጥንትም ያለ ነው። ወንፈል የወጣ ገበሬ ዛሬ የእኔን ያርማል፣ ነገ የእሱን አርማለሁ፤ ሳላርም ብቀር አገር ይታዘበኛል። አባቶቻችን ነፃ ጉልበት የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። ነፃ ጉልበት የሚባለውን ያመጣነው እኛ ነን፤ ያመጣነውም የባህል አዋቂው ላይ ብቻ ነው። ለሞንታርቦው ይከፈላል፣ ለድንኳኑ ይከፈላል፣ ለቲሸርቱ ይከፈላል። ዕውቀቱን ይዞ የመጣው ሰው ግን «ለባህሉ ብሎ» ይመጣል።

ሌሎች አገሮች ምን ያደርጋሉ ብዬ ሳነብ በአሜሪካ አላስካ ግዛት ደቡብ ምሥራቅ የሚኖሩ ትሊንጊት የሚባሉ ነባር ሕዝቦች ቀልቤን ሳቡት። እነሱም የወንዝና የዓሣ ሕዝቦች ናቸው። በቀደመው ዘመን የመንግሥትና የሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ልጆቻቸውን በቋንቋቸው ሲናገሩ ይቀጧቸው ነበር። ውጤቱ ዛሬ ይታያል፤ ቋንቋውን አቀላጥፈው የሚናገሩት በቁጥር ጥቂት፣ አብዛኞቹም አዛውንት ናቸው። አሁን በተቃራኒው እየሮጡ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ለነባር ሕዝቦች ልጆች ትምህርት የፌዴራል በጀት የሚመድብ ሕግ አለ። በግዛቲቱ ዋና ከተማ በጁኖ በሚገኝ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የትሊንጊት ባህልና ቋንቋ ፕሮግራም ይሰጣል። አላስካም እ.ኤ.አ. በ2014 ሃያ የነባር ሕዝቦች ቋንቋዎችን ኦፊሴላዊ ብላ አወጀች። ፈቃደኞችም በየክፍሉ ገብተው ባህላቸውን ለልጆች ያካፍላሉ፤ ከጀርባቸው ግን መርሐ ግብርና በጀት አለ።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን የራሳቸው ሥርዓት ነው። ትሊንጊቶች በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ ቁራና ንስር ይባላሉ። ከቁራ ወገን ሰው ሲሞት የቀብሩን ሥራ የሚሠሩት የንስር ወገኖች ናቸው፤ ከንስር ሲሞትም እንዲሁ። በኋላ ሐዘንተኞቹ ትልቅ ድግስ ደግሰው ለሠሩላቸው ሰዎች በአደባባይ ስጦታ ይሰጣሉ። ክፍያው ነውር አይደለም፤ ነውሩ አለመክፈል ነው። ለሠራልህ ሰው በሰው ፊት መክፈል ራሱ ባህል ሊሆን እንደሚችል ከእነሱ ተማርኩ። ሌላም ትምህርት አለ፤ እነሱ መክፈል የጀመሩት ሊጠፋባቸው ሲል ነው። እኛ ጋ የአኝዋም የኑዌርም ልጅ ዛሬም ቤቱ ሲገባ በቋንቋው ያወራል። ገና ጊዜ አለን። ጊዜ ያለው ሰው ደግሞ በርካሽ ይገዛል።

ስንት ይፈጃል? እስቲ እናስላው። አንድ ሽማግሌ ለአንድ ሐሙስ 500 ብር ይከፈላቸው እንበል። የትምህርት ዓመቱን በዓል፣ ፈተናና ዕረፍት ቀንሰን 32 ሳምንት እንያዝ። በዓመት 16,000 ብር ነው፣ ለአንድ ትምህርት ቤት። አንድ ቲሸርት በ500 ብር ቢታተም ይህ የ32 ቲሸርት ዋጋ ነው። በአንድ የበዓል ቀን አንድ መሥሪያ ቤት የሚያለብሰውን ሰው ቁጥር አንባቢ ራሱ ይገምት።

የኅዳር 29 በዓል ይቅር እያልኩ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. አሥረኛው የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ጋምቤላ ላይ ሲከበር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ከተማችን በእንግዳ ተጥለቅልቃ፣ አገር ሁሉ ስማችንን ሲጠራ የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 39 እያንዳንዱ ብሔረሰብ ባህሉን የመግለጽ፣ የማዳበርና የማስፋፋት፣ ታሪኩንም የመንከባከብ መብት ሰጥቶታል። ችግሩ ከእነዚህ ውስጥ እኛ የያዝነው «መግለጽ» የሚለውን ብቻ መሆኑ ነው። ማዳበርና መንከባከብ አንድ ቀን አይበቃቸውም፤ በየሳምንቱ መምጣት የሚችል ሰው ይፈልጋሉ።

ሌላ የሚነሣ ስጋት አለ። «ባህል ባህል ሲባል ልጆቹ የበለጠ ይለያያሉ፤ ተዋቸው በአማርኛ ተግባብተው ይኑሩ» የሚሉኝ አሉ። ስጋቱ ይገባኛል። የአኝዋ ልጅ የአኝዋን ብቻ፣ የኑዌር ልጅ የኑዌርን ብቻ እየተማረ በየክፍሉ ቢታጠር እኔም እፈራለሁ። የእኔ ሐሳብ ግን ተቃራኒው ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁሉም የሁሉንም ይማር። የዓሣ አጥማጁን ወሬ የከብት አርቢው ልጅ ይስማ፤ የአርቢውን የደገኛው ልጅ ይስማ። የመዠንግርን ጫካና የዛፍ ላይ ቀፎ ከመጽሐፍ ሳይሆን ማር ከሚቆርጥ ሰው ይስሙት። ኦፖና ኮሞ ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ መጨረሻ ላይ የሚታሰቡ ሳይሆኑ፣ በዚሁ ምክንያት ቀድመው የሚጠሩ ይሁኑ። ሳንተዋወቅ ተስማምተን መኖር እንደማንችል በተደጋጋሚ አይተነዋል። አማርኛ ድልድይ ሆኖልናል። ድልድይ ግን ሰው ወዲያና ወዲህ ሲሻገርበት ነው የሚጠቅመው።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ በመርሐ ግብር ላይ በቋሚነት ይያዝ፤ ኳስ ሲኖር የሚሰረዝ የክበብ ሰዓት አይሁን። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ስለ ሀገር በቀል ዕውቀት ብዙ ይላል፤ ክፍለ ጊዜውን ከአካባቢ ሳይንስ ጋር ማያያዝ አይከብድም። ሁለተኛው፣ ለሚያስተምሩት አባቶችና እናቶች ትንሽም ብትሆን የታወቀች፣ በወሩ መጨረሻ የማትቀር ክፍያ ትመደብ። ወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱ ይቆጣጠረው፤ ማን መጣ፣ ምን አስተማረ የሚለው በመዝገብ ይያዝ። ሦስተኛው፣ የሚነገረው ነገር በባለቤቶቹ ፈቃድ ይቀረጽ፣ ይጻፍ። ስልክ የሌለው ተማሪ ቢኖርም ስልክ የሌለው ክፍል የለም። የመምህራን ኮሌጁና የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ይህን ሥራ ቢሠሩ ለነገ የመማሪያ መጽሐፍ ምዕራፍ ይሆናል።

እኔ የራሴን ማድረግ ጀምሬያለሁ። ከጓደኞቼ ጋር በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያዋጣን የአባባን ሐሙስ እንከፍላለን። መጀመሪያ ስሰጣቸው ብሩን አገላብጠው አዩትና፣ «ይሄ ለምን?» አሉኝ። «ለዓርብ ገበያው» አልኳቸው። ሳቁ፤ ኪሳቸው አስገቡት። በሚቀጥለው ሐሙስ ከሰዓቱ ቀድመው መጥተው ማንጎው ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ግን ይህ የአምስት ሥራ ፈላጊ ወጣቶች መዋጮ ነው። አንዳችን ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ የሄደ ቀን ይቋረጣል። ይህን የሚያነብ የትምህርት ባለሙያ፣ የምክር ቤት አባል፣ ወይም በጀት የሚፈርም ሰው ካለ መዋጮአችን ሳያልቅ ይድረስልን።

ለዶቃዋ ልጅም መልሱን ነግሬያታለሁ። ዶቃውን ሌላ ቀን የማናደርገው ፕላስቲክ ስለሆነ ነው አልኳት፤ እውነተኛው ዲሙይ ለጭፈራ ሳይሆን ለጥሎሽ የሚወጣ፣ ከቤት ወደ ቤት የሚዞር ሀብት መሆኑንም። ትንሽ አሰበችና፣ «ለዘንድሮው ኅዳር 29 እማማ መጥተው ለምን አይናገሩም ታዲያ? ጭፈራውን እናሳጥረዋለን» አለች። ለትምህርት ቤቱ አቅርቤዋለሁ። መልስ እየጠበቅን ነው።